ማድረቂያው በቀን ስንት ኪሎ በረዶ ይይዛል? ለሁለት ዓላማ የሚውሉ ሥነ ሕይወታዊ ዕቃዎችን በአዳዲስ ቴክኖሎጂ የመቆጣጠር መመሪያ

ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) ላይ የሰፈረው «ማድረቂያ ማሽን፣ ብዛት 1» ብቻ ነው። ኢንቮይሱ የሞዴሉን ቁጥር ይጠቅሳል፣ የእሽግ ዝርዝሩ ክብደቱን ይናገራል፣ ሌላ ነገር የለም። ማሽኑ በእንፋሎት ወይም በጋዝ ማምከን የሚቻል አቀዝቅዞ ማድረቂያ ከሆነና በ24 ሰዓት 10 ኪሎ ግራም በረዶ መያዝ ከቻለ፣ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል። 8 ኪሎ ብቻ የሚይዝ ከሆነ አይገባም። እንዲህ ያለው ማሽን ክትባት ያደርቃል፣ ፈጣን ቡና ያደርቃል፤ ክፉ ሐሳብ ካለው ሰው እጅ ከገባ ደግሞ ለሌላ ነገር ይውላል። «ለሁለት ዓላማ የሚውል ዕቃ» የሚባለው ይህ ነው።

ሰሞኑን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ሥራ ሁሉ ያቃልለዋል የሚል ወሬ በዝቷል። ብዙውን ያቃልላል፣ አልክድም። ነገር ግን የበረዶውን ኪሎ ሰነዱ ላይ ማንም ካልጻፈው፣ ኮምፒውተሩም እንደ እርስዎ ባዶውን መስመር ከማየት ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ ከታች ካሉት ደረጃዎች ገሚሶቹ ቴክኖሎጂውን የሚመግበውን መረጃ ስለ ማዘጋጀት ናቸው። አሰልቺ ናቸው፤ አይዝለሏቸው። መመሪያው በላኪ ድርጅት ውስጥ ሰነድ ለሚያዘጋጁ፣ ለጉምሩክ አስተላላፊዎችና በፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች የተጻፈ ነው። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ዝርዝሩ ከየት መጣ?

ኢራቅ ከኢራን ጋር ባደረገችው ጦርነት የኬሚካል መሣሪያ መጠቀሟ በ1984 በተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ተረጋገጠ። ለመሥሪያው ከዋሉት ግብዓቶች ብዙዎቹ በተለመደው የንግድ መስመር የተገዙ ነበሩ። በዚህ የተደናገጡ አገሮች በአውስትራሊያ አነሳሽነት በ1985 ብራስልስ ላይ ተሰበሰቡ፤ የአውስትራሊያ ቡድን የሚባለው ስብስብ እንዲህ ተፈጠረ። ዛሬ 42 አገሮችና የአውሮፓ ኅብረት አባላቱ ናቸው። ከኬሚካሎቹ ጎን ለጎን የሰውና የእንስሳት ተሕዋስያንን፣ መርዞችን፣ የዕፅዋት በሽታ አምጪዎችንና የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን የሚዘረዝሩ የጋራ ሰንጠረዦች አሏቸው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2021/821ም ሆነ የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ደንቦች ሥነ ሕይወታዊ ክፍላቸው የሚቀዳው ከዚያ ነው።

ከአፍሪካ አንድም አገር የቡድኑ አባል አይደለም። ታዲያ እኛን ምን አገባን የሚል ቢኖር ሁለት መልስ አለ። አንደኛ፣ የጸጥታው ምክር ቤት ሚያዝያ 2004 ያወጣው ውሳኔ ቁጥር 1540 የተባበሩት መንግሥታት አባላትን በሙሉ ያስገድዳል፤ ወጪ ዕቃን ብቻ ሳይሆን በአገር በኩል አልፎ የሚሄድንም ጭነት መቆጣጠር ግዴታ ነው። ቦሌን የመሰለ የጭነት መተላለፊያ ላለው አገር ይህ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛ፣ ቢሾፍቱ ላለ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ከአውሮፓ ትልቅ ፈርመንተር (ተሕዋስያን የሚያድጉበት ታንክ) የሚያዝዝ የግዢ ሠራተኛ «የመጨረሻ ተጠቃሚ ማረጋገጫ ፈርሙ» ሲባል፣ ያስጠየቀው ይኸው ዝርዝር ነው። ፈራሚው ዝርዝሩን ካላወቀ ደብዳቤ ሲመላለስ ወራት ያልፋሉ።

ደረጃ 1፦ ዝርዝሩን ወደ ሰንጠረዥ ይለውጡ

ሕጉ የተጻፈው በዐረፍተ ነገር ነው፤ ኮምፒውተር የሚፈልገው ዓምድና ረድፍ ነው። ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመግዛትዎ በፊት አንድ ሙሉ ቀን መድበው የመሣሪያዎቹን ክፍል በኤክሴል ያስፍሩ። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ የዕቃው ስም፣ የሚለካው ነገር፣ ቁጥሩ፣ መለኪያው፣ «እና ከዚያ በላይ» ነው ወይስ «በላይ»፣ ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታ፣ ዝርዝሩ የወጣበት ቀን።

አንዱን ረድፍ ቀረብ ብለን እንየው። ስም፦ ፈርመንተር። የሚለካው፦ ጠቅላላ የውስጥ መጠን። ቁጥር፦ 20። መለኪያ፦ ሊትር። ወሰን፦ እና ከዚያ በላይ። ቅድመ ሁኔታ፦ ተሕዋስያንን ወይም ሕያው ሕዋሳትን ወደ አየር ብናኝ ሳያስወጣ ማሳደግ የሚችል። ይህ የመጨረሻው ዓምድ ባይኖር እያንዳንዱ የቢራ ፋብሪካ ታንክ፣ እንዲያውም የጠላ ጋን ጭምር፣ ማንቂያ ያስጮህ ነበር። ቀኑን ደግሞ አይናቁት። ይህ ቁጥር በአንድ ወቅት 100 ሊትር ነበር፤ በ2002 ወደ 20 ወረደ። የድሮ ሰንጠረዥ ይዞ የሚሠራ ሰው የ50 ሊትር ፈርመንተር ያለ ጥያቄ ያሳልፋል።

በዚሁ መንገድ ይቀጥሉ፦ ተሕዋስያንን ከፈሳሽ ሳያቋርጥ የሚለይ ሴንትሪፊውጅ በሰዓት ከ100 ሊትር በላይ የሚያሳልፍ፣ የማጣሪያ ስፋቱ 1 ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ተሻጋሪ ፍሰት ማጣሪያ (ፈሳሹ በማጣሪያው ገጽ ላይ እየተሻገረ የሚጣራበት)፣ በሰዓት ከ0.4 እስከ 400 ኪሎ ግራም ውኃ የሚያተን በርጭት ማድረቂያ። እያንዳንዱ የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ አሳጥረው አይጻፉት።

ቀጥሎ የታሪፍ ቁጥሩን አጠገቡ ያስፍሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የታሪፍ ቁጥር የተሠራው ቀረጥ ለማስላትና ንግድን ለመቁጠር ነው። በዓለም አቀፉ የታሪፍ ዝርዝር 2022 እትም አቀዝቅዞ ማድረቂያና በርጭት ማድረቂያ በ8419.33 ሥር አብረው ተቀምጠዋል፤ የዱቄት ወተት ማሽኑና የቁጥጥሩ ማሽን አንድ ቤት ገብተዋል ማለት ነው። ከተሕዋስያን ጋር የሚሠራበት አየር የማያስገባው የደኅንነት ካቢኔ 8414.70 የተሰኘ የራሱ ቁጥር አግኝቷል፤ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። የታሪፍ ቁጥሩን «እዚህ ጋ ቆም ብለህ እይ» የሚል ምልክት አድርገው ይጠቀሙበት እንጂ ፍርዱን ከእሱ አይጠብቁ።

ደረጃ 2፦ የስሞችን መዝገበ ቃላት ይሥሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜዎን የሚበላውና ከሁሉም በላይ የሚክሰው ይህ ነው። ተሕዋስያን እንደ ሰው ብዙ ስም አላቸው፤ ሳይንቲስቶች ደግሞ በየጊዜው ስም ይለውጡላቸዋል። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1971 የታየው የቡና ፍሬ በሽታ አምጪ ፈንገስ በቁጥጥር ዝርዝሩ ላይ ኮሌቶትሪኩም ካሃዌ ይባላል። የድሮ የላቦራቶሪ ብልቃጥ ላይ ግን ኮሌቶትሪኩም ኮፊያኑም ተብሎ ተጽፎ ያገኙት ይሆናል። ቃል በቃል የሚፈልግ ፕሮግራም ሁለተኛውን አያውቀውም። የፈረስ በሽታ አምጪዋ በርክሆልደሪያ ማላይም ቀድሞ ሱዶሞናስ ማላይ ነበረች።

አሁን ወደ ቋንቋ እንሂድ። ባሲለስ አንትራሲስን ገበሬው አባ ሰንጋ ይለዋል፣ ሐኪሙ አንትራክስ ይለዋል፣ የጀርመን ሰነድ ሚልትስብራንት ብሎ ይጽፈዋል፣ የፈረንሳይ ሰነድ ደግሞ ሻርቦን ይለዋል። ሻርቦን በፈረንሳይኛ ከሰልም ማለት ነው። ከጅቡቲ ወይም ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ወረቀት በማሽን ተተርጉሞ «የከሰል ክትባት» ቢልዎት አይሳቁ፣ ዋናውን ይጠይቁ። የእኛም አማርኛ የራሱ ወጥመድ አለው። በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው የከብት ወረርሽኝ በአገራችን ስሙ ደስታ ነው፤ በግና ፍየልን የሚያጠቃው ዘመዱ ደግሞ ደስታ መሰል ይባላል። ሁለቱም ቫይረሶች በዝርዝሩ ላይ አሉ። ተርጓሚ ፕሮግራም «የደስታ ናሙና» የሚለውን ሲያገኝ ምን ብሎ እንደሚያስተላልፈው መገመት አያስቸግርም። የደስታን ቫይረስ እንዲይዙ በዓለም ላይ ከተፈቀደላቸው ጥቂት ተቋማት አንዱ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ስለ ሆነ ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ተሕዋስ አንድ መለያ ቁጥር ይስጡ፤ ከሥሩ የአሁኑን ሳይንሳዊ ስም፣ የቀድሞ ስሞቹን፣ የበሽታውን ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በዐረብኛ፣ እንዲሁም የተለመዱ የፊደል ስህተቶችን ይደርድሩ። በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ የሚፈተሽ ከሆነ ከማነጻጸር በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ይመልሱ፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ ወደ አንድ፤ ሰ እና ሠ ወደ አንድ፤ አ እና ዐ ወደ አንድ፤ ጸ እና ፀ ወደ አንድ። ይህን ያላደረገ ፕሮግራም «አባ ሰንጋ»ን ያውቃል፣ «አባ ሠንጋ»ን አያውቅም። ጀማሪ የፕሮግራም ጸሐፊ ከቡና በፊት የሚጨርሰው ሥራ ነው።

ከመዝገበ ቃላቱ ጎን የማይካተቱትንም ይጻፉ። ሪሲን የተባለው መርዝ ቁጥጥር አለበት፤ የሚገኘው ከጉሎ ፍሬ ነው፤ የጉሎ ፍሬ ግን ራሱ በዝርዝሩ ላይ የለም። ፍሬ የሚልከውን ነጋዴ በየጭነቱ ማስቆም ሥራውን ማበላሸት ነው። ክትባትም እንዲሁ። የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የፈቀደው የአባ ሰንጋ ክትባት ከዝርዝሩ ውጭ ነው፤ ክትባቱ የሚመረትበት ተለይቶ የበቀለ ሕያው የባክቴሪያ ዘር ግን ዝርዝሩ ውስጥ ነው። ሁለቱም ከአንድ ግቢ ወጥተው በአንድ ዓይነት የበረዶ ሣጥን ይጓዛሉ።

ደረጃ 3፦ ማንበቡን ለማሽን፣ መፍረዱን ለራስዎ

አሁን የቋንቋ ሞዴል የሚባሉት፣ ጽሑፍ አንብበው የሚመልሱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ይገባሉ። ጥሩ የሚሠሩት ነገር ሠላሳ ገጽ የሆነ የማሽን ካታሎግ አንብቦ ቁጥሮቹን መልቀም ነው። መጥፎ የሚሠሩት ነገር «ይህ ዕቃ ፈቃድ ያስፈልገዋል ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ በሙሉ ልብ መመለስ ነው። ስለዚህ ያንን አይጠይቋቸው። የሚከተለውን ዓይነት ትእዛዝ ይስጡ፦

«ከተያያዘው ሰነድ የሚከተሉትን ብቻ አውጣ፦ የማሽኑ ዓይነት፣ ሞዴል፣ በ24 ሰዓት የሚይዘው በረዶ በኪሎ ግራም፣ የማምከኛ ዘዴ። ለእያንዳንዱ ገጹንና ቃል በቃል የተጻፈውን አስፍር። ሰነዱ ላይ ከሌለ ‹አልተገለጸም› ብለህ ጻፍ። አትገምት፣ አታስላ።»

«አልተገለጸም» የሚለው ቃል ወርቅ ነው። መውጫ በር ያልተሰጠው ሞዴል ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል። መጀመሪያ የሞከርኩ ጊዜ አንድ ካታሎግ ላይ የማድረቂያው ክፍል መጠን 12 ሊትር እንደ ሆነ ተጽፎ ነበር፤ ፕሮግራሙ «በረዶ፦ 12 ኪሎ» ብሎ አመጣልኝ። ውኃ በሊትር አንድ ኪሎ ይመዝናል ብሎ አስቦ መሆን አለበት፣ ብልህ ነው። ግን የማድረቂያው ክፍል መጠንና የበረዶ መያዣው አቅም የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ጥቅሱን እንዲያስቀምጥ ባላደርገው ኖሮ አላውቅም ነበር።

የተለቀሙትን ቁጥሮች ከደረጃ 1 ሰንጠረዥ ጋር የሚያነጻጽረው ተራ የኤክሴል ቀመር ይሁን። 10 ከ8 እንደሚበልጥ ለማወቅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አያስፈልግም፤ ቀመሩ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል፣ ለምን እንደ ወሰነም ለተቆጣጣሪ ማሳየት ይቻላል።

ከዚያ ይፈትኑት። ባለሙያ የወሰነባቸው 60 ያህል የድሮ ፋይሎች ይሰብስቡ፤ ከእነሱ ውስጥ 20ዎቹ እውነተኛ የቁጥጥር ዕቃ ያለባቸው ይሁኑ። መልሱን ደብቀው ፕሮግራሙን ያስነብቡ። የሚቆጠሩት ሁለት ስህተቶች ናቸው፦ ያመለጠውና በሐሰት የጮኸው። ሁለተኛውን እንደ ቀላል አይዩት። ለምሳሌ ከ10,000 ዲክላራሲዮን ቁጥጥር የሚመለከታቸው 5 ናቸው እንበል። ንጹሕ ከሆኑት ከየመቶው አምስቱን በሐሰት የሚያስቆም መሣሪያ እነዚያን 5 ለማግኘት 500 ያህል ንጹሕ ጭነት ያስቆማል። በሦስተኛው ሳምንት ሠራተኛው ማንቂያውን ሳያነብ «እለፍ» መጫን ይጀምራል። ያን ጊዜ መሣሪያው ከሌለበት ቀን የባሰ ይሆናል፤ የታየ መስሎ ያልታየ ጭነት ያልፋልና።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የደንበኛን ሰነድ ለሕዝብ ክፍት በሆነ የውይይት ፕሮግራም ላይ አይጫኑ። በራስዎ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሞዴል ወይም መረጃውን እንደማያስቀር በውል የገባ አቅራቢ ይጠቀሙ። የማሽን ንድፍና የቴክኒክ መረጃ ራሱ ቁጥጥር ሊደረግበት ይችላል፤ ውጭ አገር ያለ አገልጋይ ኮምፒውተር ላይ መጫኑም እንደ መላክ ሊቆጠር ይችላል።

ደረጃ 4፦ ገዢው ማን ነው?

የተባበሩት መንግሥታት፣ የአውሮፓ ኅብረትና አሜሪካ የማዕቀብ ዝርዝሮቻቸውን በነጻ ያሰራጫሉ፤ ፕሮግራም በየቀኑ ሊያወርዳቸው ይችላል። ችግሩ ስም ማነጻጸሩ ላይ ነው። ጸሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አምስት ዓይነት አድርጎ የጻፈ ሰው አይቻለሁ፣ ሁሉም ፓስፖርት ላይ። ሙሐመድም ከዚህ አይተናነስም። በተጨማሪም የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ የፈረንጅ ፕሮግራም ግን የመጨረሻውን የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስደዋል። ውጤቱ አያታቸው ሞክሼ የሆኑ ሰዎች ሁሉ እንደ አንድ ቤተሰብ መታየታቸው ነው። ፕሮግራሙን ሲያዘጋጁ የድምፅ መመሳሰልን የሚያሰላ ዘዴ ይምረጡ፤ ስም ብቻ ሲገጥም ማንቂያ እንዳያሰማም ያድርጉ። ስምና የትውልድ ዘመን፣ ወይም ስምና አድራሻ አብረው ይግጠሙ።

ከስም ይልቅ ግንኙነት ይናገራል። ድርጅቶችን፣ ስልኮችን፣ አድራሻዎችንና ከፋይ ባንኮችን እንደ ነጥብ፣ ግንኙነታቸውን እንደ መስመር አድርጎ የሚስል የመረብ ትንተና ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ባለፈው ወር የተቋቋመ «የግብርና መሣሪያ አስመጪ» ስልክ ቁጥሩ ፈቃድ ከተከለከለ ሌላ ድርጅት ጋር አንድ ከሆነ፣ በወረቀት ክምር ውስጥ ማንም አያየውም፤ በመረቡ ሥዕል ላይ ግን በአንድ እይታ ይታያል። አዲስ መሆን ወንጀል አይደለም፤ ለመጠየቅ ግን በቂ ምክንያት ነው።

ደረጃ 5፦ መጠኑ ከሥራው ጋር ይመጣጠናል?

እዚህ ላይ የኢራቅን ነገር ልድገመው፤ በዚህ ሙያ እንደሱ የሚያስተምር ታሪክ የለምና። በ1988 ኢራቅ 39 ቶን ያህል የባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ አስገባች። የተሰጠው ምክንያት የሆስፒታል ምርመራ ነበር። ማሳደጊያ ምግብ እያንዳንዱ የሕክምና ላቦራቶሪ የሚጠቀምበት ተራ ዕቃ ነው። ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ደረሰኞቹን ሲያገላብጡ ነገሩ አልጥም አላቸው። ሆስፒታል ይህን ዱቄት የሚገዛው ከ100 ግራም እስከ 1 ኪሎ በሚሆን ብልቃጥ ነው፤ ከተከፈተ ቶሎ ይበላሻልና። የኢራቅ ዕቃ የመጣው ከ25 እስከ 100 ኪሎ በሚይዝ በርሜል ነበር። የ17 ቶኑ መግቢያ ጠፋ። ሐምሌ 1995 ኢራቅ የጥቃት ሥነ ሕይወታዊ መርሐ ግብር እንደ ነበራት አመነች።

ዕቃው ራሱ ተራ ነበር፤ ምስጢሩን ያወጣው የማሸጊያው መጠን ነው። ያንን ጥርጣሬ ዛሬ ቴክኖሎጂ ከዓመታት በኋላ ሳይሆን ዕቃው ከመውጣቱ በፊት ሊያነሣው ይችላል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ካለፉት ዓመታት ሽያጭ ወይም ዲክላራሲዮን ለእያንዳንዱ የተጠቃሚ ዓይነት፣ ማለትም ለሆስፒታል፣ ለዩኒቨርሲቲ፣ ለክትባት ፋብሪካ፣ ለቢራ ፋብሪካ፣ የተለመደውን የአንድ ጊዜ መጠንና የማሸጊያ ልክ ያውጡ። አማካዩን ሳይሆን መካከለኛውን (ሁሉም በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) ይውሰዱ፤ አንድ ትልቅ ትዕዛዝ አማካዩን ያዛባዋል። አዲስ ትዕዛዝ ከመካከለኛው አሥር እጥፍ ከሆነ ይለይ። ይህን በኤክሴል መጀመር ይቻላል። መረጃው ሲበዛ ከራሱ የሚማር ሞዴል ላይ ይሸጋገሩ፤ የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ባኩዳ በተባለው ፕሮጀክቱ ለአባል አገሮች የጉምሩክ መረጃ ትንተና ስልት ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ከጥር 2020 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት የሚሠራ የኢትዮጵያ አስተላላፊ ደግሞ ጥሬ መረጃው በዲጂታል መልክ አለው፤ የጎደለው የዕቃ መግለጫው ጥራት ነው። «ልዩ ልዩ የላቦራቶሪ ዕቃ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይህን ሁሉ ድካም ከንቱ ያደርገዋል።

ደረጃ 6፦ በሣጥን የማይጓዘው

ዘረመል (ዲ ኤን ኤ) ዛሬ በኢንተርኔት ይታዘዛል። ገዢው የፊደል ቅደም ተከተሉን ይልካል፣ ኩባንያው አምርቶ በትንሽ ብልቃጥ ይልክለታል። ዋና ዋናዎቹ አምራቾች በ2009 ባቋቋሙት ማኅበር አማካይነት ትዕዛዞችን ከአደገኛ ተሕዋስያን ጋር እያነጻጸሩ ለመፈተሽ ተስማምተዋል። በ2024ም ለዚህ ማጣሪያ ዓለም አቀፍ የጥራት ደረጃ ወጥቶለታል። የማጣሪያ ሶፍትዌሩ በነጻ ከሚሰጡ ተቋማት ይገኛል፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ ትዕዛዙን ከመነጻጸሩ በፊት በምስጢር ቁልፍ ስለሚቆልፉት አጣሪው ራሱ ደንበኛው ምን እንዳዘዘ አያይም። የንግድ ምስጢር ይወጣብኛል ለሚል ኩባንያ ይህ ጥሩ መልስ ነው።

ዘረመል ገዝተው ለሚያስመጡ ሰዎች የምሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ከሚያጣራ አምራች ይግዙ፣ የተቋምዎን ኢሜይል ይጠቀሙ፣ የምርምር ፈቃድዎን አስቀድመው ያያይዙ። ማሽኑን ራሱን፣ ማለትም የዘረመል ማቀነባበሪያውን፣ የሚልኩ ከሆነ ደግሞ ዝርዝሩን ያንብቡ፤ ከ1,500 ፊደል በላይ የሆነ ተከታታይ ዘረመል በአንድ ዙር ከመቶ 5 ባነሰ ስህተት የሚሠራ መሣሪያ ቁጥጥር ውስጥ ገብቷል።

ደረጃ 7፦ ከተላከ በኋላ

ፈቃድ ሰጪው ዕቃው እንደ ተባለው ቦታ መድረሱን ማወቅ ይፈልጋል። ርካሹ መሣሪያ ከሣጥኑ ጋር የሚጓዘው የሙቀትና የቦታ መቅጃ ነው፤ ክትባት ላኪዎች ቀድሞውንም ይጠቀሙበታል። ትልልቅ ማሽኖች ለጥገና ከአምራቹ ጋር በኢንተርኔት ስለሚገናኙ፣ በሽያጭ ውሉ ላይ «ማሽኑ ከተተከለበት ቦታ ሲነሣ አምራቹ ይወቅ» የሚል አንቀጽ ማስገባት ይቻላል። የሳተላይት ሥዕል የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፦ «ፋብሪካ» የተባለው አድራሻ ላይ በእርግጥ ሕንፃ መኖሩን ለማየት። ባዶ ሜዳ ካዩ ጉዳዩ አለቀ። ሕንፃ ካዩ ግን ምንም አላወቁም፤ አቀዝቅዞ ማድረቂያ ከተራ ጋራዥ ጣሪያ ሥር ይገባልና።

ስለ ብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አብሮ ስለሚያዝ የጋራ መዝገብ) ሳይጠይቁኝ ልመልስ። በፊንላንድ የኑክሌር ቁስ ቆጠራ ላይ በ2020 የተሞከረ ጥሩ ናሙና አለ። ተቋማት እርስ በርስ በማይተማመኑበት ቦታ መዝገቡ እንዳይፋቅ ያደርጋል። ነገር ግን የተሳሳተ ነገር ከተጻፈበት የማይፋቅ ስህተት ነው የሚሆነው። ደረጃ 1 እና 2ን ሳይጨርሱ ገንዘብ አያውጡበት።

ደረጃ 8፦ ማንቂያው ሲጮህ

ጭነቱን ያቁሙ፣ ሰውየውን ግን አይክሰሱ። ስልክ አንሥተው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ማሽኑ የት ይተከላል? ማን ይሠራበታል? ምን ያመርትበታል? እውነተኛ ገዢ እነዚህን በደስታ ይመልሳል፤ እንዲያውም ስለ ኃይል መቆራረጡና ስለ ውኃው ጥራት ሳይጠየቅ ያወራል። ለጥገናና ለሥልጠና ፍላጎት የሌለው፣ ዋጋ የማይከራከር፣ የሚጠቀምበትን ሥራ የማያውቅ ገዢ ሲገጥምዎት ፋይሉን ለሚመለከተው አካል ያስተላልፉ። የጠየቁትን፣ የተመለሰልዎትን፣ ቀኑንና የወሰነውን ሰው ስም ይመዝግቡ። «ሲስተሙ ፈቅዷል» የሚል ማስታወሻ ተቀባይነት የለውም፤ የሰው ስም ይኑርበት።

ጊዜ የማይሰጥ ጭነትም አለ። ከታመመ ሰው የተወሰደ ደም ወይም ከማሳ የተቆረጠ በዋግ የተመታ የስንዴ ቅጠል ተለይቶ የበቀለ የተሕዋስያን ዘርም ሆን ተብሎ የተበከለ ቁስም አይደለም፤ በአብዛኛው ይህ ዝርዝር አይመለከተውም። የራሱ የማሸጊያ ደንብና የዘረመል ሀብት ፈቃድ ግን አለው። ለእነዚህ የተለየ መስመር ያዘጋጁ፤ ወረርሽኝ በሚጣራበት ሳምንት ናሙናውን ሦስት ቀን መጋዘን ውስጥ ያስቀመጠ ማንቂያ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ አይደለም። የመስመሩን ስልክ ቅዳሜና እሑድም የሚያነሣ ሰው ይመድቡ።

በመጨረሻም የቀን መቁጠሪያዎ ላይ ምልክት ያድርጉ። የአውስትራሊያ ቡድን ዝርዝሩን በየጊዜው ያሻሽላል፣ የአውሮፓ ኅብረትና አሜሪካም እየተከተሉ ያወጣሉ። አዲስ እትም በወጣ ቀን ሰንጠረዡን ያድሱና ለመጪ ትዕዛዞች ብቻ ሳይሆን ውላቸው ተፈርሞ ገና ላልተላኩትም ፍተሻውን እንደገና ያስኪዱ። ከስድስት ወር በፊት ነጻ የነበረው ማድረቂያ አሁን መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ የአውሮፕላን ቦታ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።